ለልጁ ብዬ ነው የገባሁት

እንግዲህ ልናዘዝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ፤ ሥራ ቦታ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ መንገድ መዘጋጋት እጽፋለሁ፤ እና… ካርቱን እወዳለሁ። «አልፎ አልፎ አያለሁ» የሚባለው ዓይነት አይደለም። ሞል ውስጥ አዲስ ፖስተር ካየሁ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ቆሜ የምቀር ነኝ።

ችግሩ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ካርቱን የሚገባ ትልቅ ሰው ትንሽ ያስጠረጥራል። ትኬት ቆራጯ በትከሻሽ አሻግራ ታያለች፤ «ልጁስ?» የሚል ዓይን ነው። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው ልጅ ይዋሳል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ሲጠፋ የአከራይ ልጅ። እኔ የምዋሰው የአክስቴን የልጅ ልጅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቤት ውስጥ ማሙሽ እንለዋለን። ኪራዩ አንድ ፖፕኮርንና አንድ ጁስ ነው። እኔ ደግሞ በለውጡ «ለልጁ ብዬ ነው የገባሁት» የምትል ዓረፍተ ነገር አገኛለሁ። ሥራ ቦታ ሰኞ ጠዋት በጣም ትጠቅማለች።

የዛሬው ወሬዬ ግን በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስላየነው «ዘ ዋይልድ ሮቦት» ነው። «አሁን ታዲያ ምን አስታወሰሽ?» ለምትሉኝ፣ ያኔውኑ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ለምን እንደተውኩት እየሄድን ይገባችኋል።

የዚያን ቀን ልንወጣ ስንል እቴቴ «እኔስ?» አለች።

እቴቴ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ እህት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሲኒማ ቤት ገብታ ታውቃለች ወይ ብትሉኝ፣ ታውቃለች። በልጃገረድነቷ አምባሳደር ከእናቴ ጋር የህንድ ፊልም አይተው፣ ለሁለት አንድ መሐረብ ይዘው አልቅሰው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ አልገባችም። (አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት የከተማው ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር ይባላል፤ እቴቴ ግን የሰይጣን ነገር አላሳሰባትም። ያሳሰባት የትኬቱ ዋጋ ነው። ግማሹን ነገርኳት፣ እሱንም «ዘረፋ ነው!» አለች።)

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የየትኛው ሲኒማ ቤት እንደሆነ ልተወውና፣ በር ላይ «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አነበብኩላት። «ደግ አደረጉ» አለች። መብራቱ ሲጠፋ ከነጠላዋ ሥር የቆሎ ድምፅ ሰማሁ።

አዳራሹ ደግሞ ማቀዝቀዣው እስከ ጥግ ተከፍቷል። ውጭ የጥቅምት ብርድ፣ ውስጥ የማሽን ብርድ። «በጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት ሰዎች እዚህ ገብተው ነው?» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። ከፊታችን የተቀመጡት ጥንዶች ዞር አሉ። ፊልሙ ገና አልጀመረም።

አሁን ወደ ፊልሙ ልግባ። ድሪምወርክስ ነው የሠራው፤ ዳይሬክተሩ ክሪስ ሳንደርስ ነው፤ ከዚህ በፊት «ሊሎ ኤንድ ስቲች»ንና «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን»ን ከሌላ ዳይሬክተር ጋር ሆኖ የሠራው ሰውዬ። ታሪኩ ፒተር ብራውን እ.ኤ.አ. በ2016 ካሳተመው የልጆች መጽሐፍ የተወሰደ ነው። አሜሪካ ውስጥ የወጣው መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ የመስቀል ዕለት ማለት ነው። ስለ ወፎች ፊልም ለማውጣት ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? እነሱ ግን የመስቀል ወፍን ነገር አያውቁም።

ሰው የሌለበት ደሴት ላይ አንዲት ሮቦት ማዕበል ይጥላታል። ሙሉ ስሟ ሮዘም 7134 ነው፣ ባጭሩ ሮዝ። የተሠራችው ሰውን ለማገልገል ነው። ዕቃ ለማጠብ፣ ለመሸከም፣ የታዘዘችውን ለመፈጸም። ደሴቱ ላይ ግን ያለው ዱር አውሬ ብቻ ነው። ያገኘችውን ሁሉ «ምን ልታዘዝ?» እያለች ታሳድዳለች፤ እነሱ ጭራቅ የመጣባቸው መስሏቸው ይበረግጋሉ።

እቴቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። የአማርኛ ሳብታይትል የለም። ስለዚህ እኔ መሐል ተቀምጬ በግራ ጆሮ እየሰማሁ በቀኝ ጆሮ አስተረጉማለሁ። «ለምንድነው በአማርኛ ያላደረጉት? ቱርኮቹ እንኳ በአማርኛ ያወሩ የለ እንዴ?» አለች። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን ያስለመዳት ነገር ነው፤ ለእቴቴ ቱርክ ማለት አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ነው። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ግን ጥያቄዋ ልክ ነው። የትልልቆቹን ለቅሶ በአማርኛ መቅዳት ከቻልን የልጆቹን ሳቅ ምን ከለከለን? እኔ በልጅነቴ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያየሁ ትውልድ ነኝ። ቀጭኔዋ በአሻንጉሊትነቷ፣ ከካልሲ በማትበልጥ ጨርቅነቷ፣ በአማርኛ ስላወራችኝ ብቻ የኔ ነበረች። 

«ለቤት ሥራ ነው የተሠራችው?» አለች እቴቴ።

«አዎ።»

«ደሞዝ አላት?»

«የላትም።»

«ፓስፖርቷስ ማን ጋ ነው?»

ሳቅኩ። ከዚያ ግማሽ ላይ ሳቄ ቆመ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ እናቴ በ1996 ዓ.ም. ቤይሩት ስትሄድ አምስት ዓመቴ ነበር። ከፋላ በሚሉት አሠራር የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ፓስፖርቷንም ብዙ ጊዜ የሚይዙት እነሱ ናቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ቆየች፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥታለች። የሰፈር ሰው «የመስቀል ወፍ» ይላታል፣ የመስቀል ወፍ ግን በዓመት አንዴ ትመጣለች እኮ። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሽቶ የምትሸት ቆንጆ እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ጨዋ ልጅ መሆኔን ላሳይ ብዬ «ሻይ ልጨምርልዎ?» አልኳት። ተነስታ ጓዳ ገባች። እቴቴ ተከትላት ገባች። ብዙ ቆዩ።

ወደ ፊልሙ። ሮዝ ከአውሬዎቹ ጋር መግባባት ሲያቅታት ጫካ መሐል ቁጭ ትላለች። ምንም አትሠራም፤ ትሰማለች። ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል፣ ሣሩ ያድጋል፣ እሷ ትሰማለች። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ቃል ይሆናል፣ ቃሉ ወሬ ይሆናል። ከፊልሙ ውስጥ አንድ ትዕይንት ምረጪ ብትሉኝ ይሄንን ነው። እቴቴ አላስተረጎምኩላትም፤ አላስፈለጋትም። «እናትሽ ዓረብኛ የለመደችው እንደዚህ ነው» አለችኝ። «ማዕድ ቤት ቆማ እየሰማች።»

ከዚያ ነው ነገሩ የሚመጣው። ሮዝ ከድብ ስትሸሽ ከገደል ትወድቃለች፤ የምትወድቀው የዝይ ጎጆ ላይ ነው። እናትየውም ሌሎቹም ያልቃሉ። አንዲት እንቁላል ብቻ ትተርፋለች። ከእንቁላሏ የሚወጣው ጫጩት መጀመሪያ የሚያየው ሮዝን ነው፤ እናቱ እሷ ሆነች። ሥራ ስትለምን የኖረችው ሮቦት ሥራ አገኘች፦ ማብላት፣ ዋና ማስተማር፣ ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ መብረር ማስተማር። ካልበረረ ብርዱ ይገድለዋል።

(እቴቴ ጫጩቱን እስከ መጨረሻው «ዳክዬው» ነው ያለችው። ማሙሽ «ዝይ ነው!» እያለ ስንቴ እንዳረማት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ እያለችን፣ ዝይን የምናውቀው ከሆሊውድ መሆኑ ይገርመኛል። ይሄ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ ይጻፋል።)

ሥዕሉን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፈውም። እስከዛሬ ያየናቸው የኮምፒውተር ካርቱኖች ብዙዎቹ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላሉ፤ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል፣ እያንዳንዷ የፀጉር ዘለላ ትቆጠራለች። ይሄኛው ጫካው በብሩሽ የተቀባ ነው የሚመስለው። ቅጠሉን ቀርበሽ ብታዪው ቅጠል አይደለም፣ የቀለም ጭረት ነው፤ ራቅ ስትዪ ቅጠል ይሆናል። ዳይሬክተሩ ራሱ የሞኔን ሥዕሎችና የሚያዛኪን ጫካ ነው የጠቀሰው። ሮዝ መጀመሪያ ስትመጣ ከፋብሪካ የወጣች ለስላሳ ዕቃ ናት፤ እየቆየች ስትሄድ ትቧጨራለች፣ ትሰረጎዳለች፣ ሽበት ይዟታል፤ አረንጓዴ ሽበት። የሷም ገላ እንደ ጫካው በብሩሽ የተቀባ እየመሰለ ይሄዳል። ይሄንን ማንም በቃል አይነግርሽም። ዓይንሽ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ደግሞ ፊቷ! አፍ የላትም፣ ቅንድብ የላትም። ሁለት ክብ ዓይን ብቻ። በዚያ ፊት ነው ሰው የሚያስለቅሱት። የቀረውን ድምፁ ይሠራዋል፤ ድምፁ የሉፒታ ኒዮንጎ ነው፣ የኬንያዋ። መጀመሪያ ላይ የባንክ ስልክ ላይ እንደምትሰሟት ሴትዮ ደስ ደስ የሚል ባዶ ድምፅ ነው፤ መቼ እንደሞቀ ሳታውቁት ይሞቃል። እኔ የቱ ጋ እንደተለወጠ ለመያዝ ብዬ ሁለተኛ ጊዜ ገብቻለሁ። (አዎ፣ ያኔም ልጅ ተውሼ።) አልያዝኩትም።

ሞት ደግሞ አይደበቅም። ፊልሙ ውስጥ የሚበላ አለ፣ የሚበላ ደግሞ አለ (አንዱን ጠብቁ፣ አንዱን አላልታችሁ አንብቡ)፤ ሞት የሚቀለድበት ነገር ነው። አንዳንድ ወላጆች «ለልጅ ይከብዳል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ማሙሽ በዓውደ ዓመት በግ ሲታረድ ከፊት ቆሞ የሚያይ ልጅ ነው፤ የከበደው ፖፕኮርኑ ማለቁ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ የተውኩበት ቦታ ደረስኩ።

አሥራ አምስት ዓመቴ እያለ አንድ ጎረቤታችን ቡና ላይ ሳታስበው (ወይም አስባው) አንድ ነገር ተናገረች። ደላላውን ያመጣችው እቴቴ ናት። ለጉዞው የሚሆነውን ብር ዕቁቧን አስቀድማ ወጥታ የሰጠችው እቴቴ ናት። እናቴ «ልጄን ጥዬ አልሄድም» ብላ ሁለት ጊዜ ቀርታ ነበር፤ «ሂጂ፣ እኔ አለሁላት» ያለቻት እቴቴ ናት። የትንሣኤ ዕለት ነበር የሰማሁት። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እቴቴን አላናገርኳትም። በስምንተኛው ቀን ምሳ ስታቀርብልኝ «ጨው አንሶታል» አልኳት፣ በዚያው ተነጋገርን። ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አላነሳነውም። አሥር ዓመት ሙሉ።

ፊልሙ ላይ ጫጩቱ አድጎ፣ ሌሎቹ ዝይዎች እየሳቁበት፣ ከነሱ አፍ ይሰማል። የወለዱትን የጨፈለቀቻቸው ይህች እናቴ የሚላት ናት። መጥቶ ይጠይቃታል።

«ምን አላት?» አለች እቴቴ።

እኔ የጋዜጠኝነት ምሩቋ፣ አራት ዓመት ሙሉ እውነትን ሳላዛባ ማቅረብን የተማርኩት፣ «ተጣሉ» አልኳት።

«በምን?»

«በ… በበረራው ነገር።»

ማሙሽ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ያለፈ ልጅ ነው። ከቀኜ አንገቱን አስግጎ፣ ሙሉ አዳራሹ በሚሰማው ድምፅ፣ «አይደለም! ቤተሰቦቼን ገድለሻል ነው የሚላት!» አለ።

ከፊት ያሉት ጥንዶች በድጋሚ ዞሩ። የቆሎው ድምፅ ቆመ። እኔ ስክሪኑን ብቻ ነው የማየው።

«ወድቃባቸው እኮ ነው» አለች እቴቴ ከብዙ ዝምታ በኋላ፤ ለኔ ይሁን ለፊልሙ አላውቅም። «አይታ አይደለም።»

«አዎ» አልኳት።

«ግን ራሷ ልትነግረው ይገባ ነበር።»

ምንም አላልኩም። ነጠላዋ እጄ ላይ ደረበች፤ እጄ በርዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም እሷም ሳንተረጉም ነው ያየነው። መኸሩ ያልፋል፣ ዝይዎቹ የሚሄዱበት ቀን ይደርሳል፣ ሰማዩ በክንፍ ይሞላል፤ ልጁ ክንፉ አጭር ነው፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል አይነሳም። ሮዝ እየሮጠች ትሸኘዋለች፣ እስከ ገደሉ ጫፍ። የክሪስ ባወርስ ሙዚቃ እዚያ ጋ ደረትሽን ይከፍተዋል። እሱ ይሄዳል፤ እሷ ትቀራለች። ተልዕኮው ተፈጸመ ማለት ነው። ተልዕኮዋን ከፈጸመች ሮቦት የበለጠ ብቸኛ ነገር አላየሁም።

እቴቴ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ከኋላችን አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ደግሞ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት። አጠገቡ ልጅ ተቀምጧል። እሱም ለልጁ ብሎ ነው የገባው።

ስለ መጨረሻው አልነግራችሁም፤ ግማሾቻችሁ አላያችሁትም። ሦስት የኦስካር እጩነት አግኝቶ ነበር፤ የአኒሜሽኑን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2025 «ፍሎው» የሚባል የላትቪያ ፊልም ወሰደበት። አንዲት ድመት፣ ጎርፍ፣ ጀልባ፣ እና አንድም ቃል የለም። የተሠራው ደግሞ ማንም በነፃ አውርዶ በሚጠቀምበት ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር ነው። ይሄንን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እቴቴን ነው፤ አስተርጓሚ የማያሻው ፊልም። ቀጥዬ ያሰብኩት አኒሜሽን የሚሠሩ ጓደኞቼን ነው፤ ከሰበቦቻችን አንዷ አለቀች ልጆች።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ እቴቴ ስለ ሌላ ነገር ነው ያወራችው። የሮቦቷ ድምፅ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ኬንያዊት ናት ስላት «ለዚህ ነው፤ የኛ ሰው ድምፅ አላት» አለች። ቤት እንደደረስን ቡና ተፈላ። እናቴ አለች። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ከፈነዳ በኋላ በመጪው መስከረም ነው ጠቅልላ የመጣችው፤ አሁን ከኛ ጋር ናት። «አንቺ» እላታለሁ። አንዳንዴ ትንሽ አስቤ።

«ፊልሙ እንዴት ነበር?» አለች እናቴ ሲኒ እያቀረበች።

እቴቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። ማዕበሉን ነገረቻት። ሮቦቷ ለቤት ሥራ የተሠራች መሆኗን ነገረቻት፤ ደሞዝ እንደሌላትም ጨመረች። ቁጭ ብላ ቋንቋ መልመዷን ነገረቻት፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ድቡን፣ ሩጫውን፣ ገደሉን…

«ስትወድቅ ታዲያ፣ ጎጆ ነበር ከሥሯ» አለች እቴቴ። «የዳክዬ። እናትየዋ ከነልጆቿ… እኔ እንጃ።» ቆመች። ሲኒውን አነሳች፣ ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ጀበናው ተንተከተከ። እናቴ ክዳኑን ከፈት አደረገችለት።

«ሳታየው ነዋ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ዝይ ነው!» አለ ማሙሽ ከሶፋው ላይ። «ዳክዬ አይደለም፣ ዝይ ነው አልኩ እኮ!»